የድምር ውጤትና የመሐንዲስ ዕጩ፦ በምሕንድስና የመጀመሪያ ዲግሪ የመግቢያና የትምህርት መመዘኛ ላይ ከነቀምቴ አቅጣጫ የቀረበ ሂስ

አንድ የመግቢያ መመዘኛ በወረቀት ላይ ሲሰፍር ከጥቂት መስመር አይበልጥም። በምሕንድስና የመጀመሪያ ዲግሪ ለመሠልጠን የሚሻ ወጣት የ12ኛ ክፍልን ትምህርት በተፈጥሮ ሳይንስ መስክ ያጠናቀቀ፣ በብሔራዊው ፈተና ቢያንስ 50 ከመቶ ያገኘ፣ የመጀመሪያውን ዓመት የጋራ ትምህርት በሚገባ የተወጣ፣ በጠቅላላው አምስት ዓመት የሚፈጀውን ትምህርት ከ2.00 ባላነሰ አማካይ ነጥብ የፈጸመ፣ በመጨረሻም የመውጫ ፈተናውን ያለፈ መሆን ይጠበቅበታል። ይህ ሁሉ በአንድ አንቀጽ ይጠቃለላል። ይሁን እንጂ ከእያንዳንዱ ሐረግ በስተጀርባ ስለ ተማሪው፣ ስለ ትምህርት ቤቱና ስለ ሙያው ጠባይ የተወሰደ ግምት አለ። ግምቱ ያልተጻፈ በመሆኑም ሳይመረመር የሚታለፍበት ጊዜ ብዙ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የሚቀርበው ሂስ ያንን ያልተጻፈ ግምት ገልጦ ለማየት የሚሞክር ሲሆን፣ ለማመዛዘኛ የሚወስደውም ነቀምቴንና በዙሪያዋ የሚገኙትን የወለጋ ከተሞች ነው።

ነቀምቴ የተመረጠችው በአጋጣሚ አይደለም። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ይህች ከተማ ለረጅም ዘመን የወለጋ ጠቅላይ ግዛት፣ በኋላም የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ነበረች። በትምህርት ታሪክም የቆየ ስም አላት። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አፋን ኦሮሞ የመለሰው ኦነሲሞስ ነሲብና የሥራ ባልደረባው አስቴር ጋኖ በፈረንጆች 20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ላይ በዚሁ አካባቢ ፊደል አስተምረዋል። ከዚያ ወዲህ በነቀምቴ፣ በነጆ፣ በጊምቢና በደምቢ ዶሎ የሚስዮንና የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተስፋፍተው በርካታ መምህራንን፣ የጤና ባለሙያዎችንና የመሥሪያ ቤት ሠራተኞችን ለአገሪቱ አበርክተዋል። ይህ ሁሉ እያለ ግን መሐንዲስ ለመሆን የፈለገ የወለጋ ልጅ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ሸዋ መጓዝ ነበረበት። በአካባቢው የምሕንድስና ዲግሪ ትምህርት ሊሰጥ የቻለው የወለጋ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. በነቀምቴ ከተቋቋመ በኋላ ነው። ዩኒቨርሲቲው በጊምቢና በሻምቡም ቅርንጫፎች አሉት፤ ደምቢ ዶሎም ከጊዜ በኋላ የራሷን ዩኒቨርሲቲ አግኝታለች። ስለሆነም የርቀቱ ችግር በመጠኑ ተቃሏል ማለት ይቻላል። ጥያቄው፣ በሩ ሲቀርብ የበሩ መክፈቻ አብሮ ቀርቧል ወይ የሚለው ነው።

በአገራችን የምሕንድስና ከፍተኛ ትምህርት የተጀመረው በ1945 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የምሕንድስና ኮሌጅ ሲከፈት መሆኑ ይታወቃል። ኮሌጁ በኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር ተጠቃሎ የቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ተባለ፤ አምስት ኪሎ የሚለው የሰፈር ስም በተማሪዎች ዘንድ የፋኩልቲው መጠሪያ እስከ መሆን ደረሰ። በዚያ ዘመን መግቢያው ማትሪክ በመባል የሚታወቀው የትምህርት ቤት መልቀቂያ ፈተና ነበር። ማትሪክ የብዙዎችን ተስፋ የቆረጠ፣ ጭካኔው ዛሬም ድረስ በወላጆች አንደበት የሚነገር ፈተና ነው። ቢሆንም አንድ ባሕርይ ነበረው። ውጤቱ የሚገለጸው በየትምህርቱ በፊደል ሲሆን፣ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ከሚቆጠሩት ትምህርቶች ውስጥ እንግሊዝኛና ሒሳብ ሊቀሩ አይችሉም ነበር። በሒሳብ የወደቀ ተማሪ በሌላ ትምህርት ያገኘው ከፍተኛ ውጤት ሒሳቡን ሊሸፍንለት አይችልም። ከ1990ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ወዲህ፣ የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ባስከተለው የአወቃቀር ለውጥ፣ ማትሪክ ቀርቶ በ10ኛና በ12ኛ ክፍል የሚሰጡ ሌሎች ፈተናዎች ተተኩ። የድምር ውጤት የተባለው ነገር የተማሪው ዕጣ ወሳኝ የሆነውም ከዚያ ወዲህ ነው።

እነሆ የሂሱ ዋና ነጥብ ከዚህ ይጀምራል። በአሁኑ አሠራር የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ በእንግሊዝኛ፣ በሒሳብ፣ በፊዚክስ፣ በኬሚስትሪ፣ በባዮሎጂና በአፕቲቲዩድ ይፈተናል። የስድስቱ ውጤት ተደምሮ ከ600 ሲታሰብ 300 ያገኘ አለፈ፤ 299 ያገኘ አላለፈም። ለምሳሌ ያህል ሁለት ዕጩዎችን በሐሳብ ማነጻጸር ይቻላል። አንደኛው በእንግሊዝኛ 45፣ በሒሳብ 32፣ በፊዚክስ 33፣ በኬሚስትሪ 60፣ በባዮሎጂ 72፣ በአፕቲቲዩድ 60 አገኘ እንበል፤ ድምሩ 302 ነው። ሁለተኛው በሒሳብ 68፣ በፊዚክስ 64፣ በእንግሊዝኛ 38፣ በኬሚስትሪ 45፣ በባዮሎጂ 40፣ በአፕቲቲዩድ 40 አገኘ፤ ድምሩ 295 ነው። በመመዘኛው መሠረት የመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲ ይገባል፤ ሁለተኛው ይቀራል፤ ቢበዛ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሬሜዲያል በመባል በሚታወቀው የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ተመድቦ ጊዜውን ሰጥቶ እንደገና ይመዘናል። ስለ ምሕንድስና ጥቂት የሚያውቅ ማንኛውም መምህር ግን ከሁለቱ የትኛው ስታቲክስ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ትምህርቱን ሊከታተል እንደሚችል ለመለየት አያዳግተውም።

እርግጥ ነው፣ ድምሩ የተዘጋጀው ለምሕንድስና ብቻ አይደለም። ሐኪሙም፣ የግብርና ባለሙያውም፣ የኬሚስትሪ መምህሩም የሚገቡት በአንድ በር ነው፤ ተማሪው ወደ ሙያ መስኩ የሚለየው ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ በምርጫውና በመጀመሪያው ዓመት ውጤቱ ነው። ስለዚህ አንድ የጋራ መለኪያ ማስፈለጉ አይካድም። የሚተቸው ነገር የድምሩ መኖር አይደለም፤ ከድምሩ በስተቀር ሌላ ነገር አለመነበቡ ነው። የእያንዳንዱ ትምህርት ውጤት በተማሪው የውጤት ወረቀት ላይ ተለይቶ ይታያል። ምደባ በሚደረግበት ጊዜ የሒሳብና የፊዚክስ ውጤት ለብቻው ተወስዶ ለምሕንድስና የተለየ ክብደት ቢሰጠው አዲስ ፈተና ማዘጋጀት፣ አዲስ ወጪ ማውጣት አያስፈልግም። የቆየው ማትሪክ ያለ ኮምፒውተር ያደርገው የነበረውን ሥራ የዛሬው አሠራር በኮምፒውተር ሊያደርገው ያልቻለበት ምክንያት ሊገባ አይችልም።

የድምሩን አሠራር የሚደግፉ ወገኖች የሚያቀርቡት ብርቱ መከራከሪያ አለ፤ እሱም በአግባቡ ሊደመጥ ይገባል። ቀላልና ለሁሉም አንድ የሆነ መለኪያ ለአድልዎ ቀዳዳ አይተውም ይላሉ። በዚህ ላይ የፈተናው ክብር ራሱ ተናግቶ እንደነበር የቅርብ ጊዜ ትዝታ ነው። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የእንግሊዝኛው ፈተና ከዕለቱ አስቀድሞ በማኅበራዊ መገናኛ በመሰራጨቱ ጠቅላላው ፈተና ተሰርዞ ከአንድ ወር ያህል በኋላ በሌላ ተተክቷል። በኋላም ኩረጃው እየበረታ በመሄዱ የትምህርት ሚኒስቴር ከጥቅምት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ እንዲሰጥ አደረገ። የተገኘው ውጤት አገሩን ሁሉ አስደነገጠ፤ በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ከተፈተኑት 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ሆኑ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ከመቶ ሆኗል። የ2015ቱን ብንወስድ በአገሪቱ በሙሉ ያለፉት 27,267 ተማሪዎች ናቸው። ይህ ቁጥር ለተፈጥሮም ለማኅበራዊም ሳይንስ ተደምሮ ከ40 በላይ ለሆኑት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቢከፋፈል ለእያንዳንዱ ከ700 ያነሰ ተማሪ ይደርሰዋል ማለት ነው። ከእነዚህ መካከል ለምሕንድስና ምን ያህል ሊተርፍ እንደሚችል እቅድ አውጪው ራሱ ሊያሰላው ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥንቃቄ መለየት ያሻል። ፈተናው ከኩረጃ ነጻ መሆኑና ፈተናው ትክክለኛውን ነገር መለካቱ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። የመጀመሪያው በአመዛኙ ተሳክቷል፤ ይህም ትልቅ ሥራ ነው። ሁለተኛው ገና አልተነካም። ከ100 ተማሪ 3 ብቻ የሚያልፍበት ውጤት ስለ ተማሪዎቹ የሚነግረንን ያህል ስለ ትምህርት ቤቶቹም ይነግረናል፤ መመዘኛው ግን የሚያነበው ስለ ተማሪው ብቻ ነው።

በወለጋ ይህ ልዩነት ጎልቶ ይታያል። በ2008 ዓ.ም. በኦሮሚያ በተነሳው ሕዝባዊ ተቃውሞ ሳቢያ በብዙ ከተሞች ትምህርት ለሳምንታትና ለወራት ተቋርጦ ነበር፤ ፈተናው ተሰርቆ ሲወጣ ምክንያት ተደርጎ የቀረበውም የክልሉ ተማሪዎች በቂ የመዘጋጃ ጊዜ አላገኙም የሚለው አቤቱታ ነበር። ስርቆቱ የሚደገፍ አይደለም፤ አቤቱታው ግን መሠረተ ቢስ አልነበረም። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ምዕራብ ወለጋ፣ ቄለም ወለጋ፣ ሆሮ ጉዱሩና ምሥራቅ ወለጋ በመንግሥት ኃይሎችና በታጠቀው የኦሮሞ ነጻነት ሠራዊት መካከል በተካሄደው ግጭት ክፉኛ ተጎድተዋል። በ2012 ዓ.ም. ከጥር እስከ መጋቢት በምዕራብ ኦሮሚያ ስልክና ኢንተርኔት ጨርሶ ተቋርጦ ነበር። መንገድ ሲዘጋ መምህር ከምድብ ቦታው ይቀራል፤ መጽሐፍ ከመጋዘን አይወጣም፤ ተማሪም ከወላጆቹ ጋር ይሰደዳል። አንድ የፊዚክስ መምህር በአንድ ዓመት ውስጥ ሊያስተምረው የሚገባውን ምዕራፍ ግማሹን ሳያስተምር ዓመቱ ቢያልቅበት በመማሪያ መጽሐፉ መጨረሻ ላይ የሚገኙት ምዕራፎች ለተማሪው ባዕድ ሆነው ይቀራሉ። የኤሌክትሪክና የማግኔት ትምህርት ብዙውን ጊዜ የሚመደበው ከዚያው ከመጨረሻው ክፍል ነው። የኤሌክትሪካል ምሕንድስና ዕጩ የሚሆነው ልጅ እንግዲህ የሙያውን መነሻ ሳይሰማ ለፈተና ይቀርባል።

ለዚህ መፍትሔው ነጥቡን ዝቅ ማድረግ ነው የሚሉ አሉ። በምሕንድስና ረገድ ይህ አደገኛ አስተሳሰብ ነው፤ ድልድይ በርኅራኄ አይቆምም። ነገር ግን ነጥቡን ሳይነኩ ተማሪውን በሌላ መንገድ መርዳት ይቻላል። የሬሜዲያሉ ትምህርት ለዚህ የተመቸ መሣሪያ ሊሆን በቻለ ነበር። ይህ እንዲሆን ግን የትምህርቱ ይዘት ተማሪው በትክክል ካጣው ምዕራፍ ሊጀምር ይገባል። ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ የትኛው ምዕራፍ እንደተሸፈነ፣ የትኛው እንዳልተሸፈነ በአንድ ገጽ መዝግበው ከተማሪው የውጤት ወረቀት ጋር ቢልኩ፣ የነቀምቴው ዩኒቨርሲቲ መምህር ሬሜዲያሉን ከየት መጀመር እንዳለበት ለማወቅ መገመት አያስፈልገውም። ይህ ዓይነቱ መዝገብ ለርዕሰ መምህራን አዲስ ሸክም መስሎ ሊታይ ይችላል። ቢሆንም በየሳምንቱ በሚሞላው የትምህርት ዕቅድ ላይ ካለው የተለየ ነገር የለውም።

ከድምሩ ቀጥሎ የሚተቸው የፈተናው ዓይነት ነው። ብሔራዊው ፈተና በሙሉ የምርጫ ጥያቄ ነው፤ ተማሪው ከአራት አንዱን ፊደል ያጠቁራል። አንድም መስመር አያሰምርም፤ አንድም የስሌት እርምጃ ጽፎ አያሳይም፤ አንድም ነገር አይለካም። ለመሐንዲስነት ዕጩ ይህ ከባድ ጉድለት ነው። የቴክኒካል ድሮዊንግ ትምህርት በ11ኛና በ12ኛ ክፍል ተካቶ በነበረባቸው ዓመታት እንኳ ብዙ ትምህርት ቤቶች ጠረጴዛና ቲ-ስኩዌር ስላልነበራቸው ትምህርቱ በጠመኔ ሰሌዳ ላይ በቃል ይነገር እንደነበር መምህራን ያስታውሳሉ። ከዚያ በፊት፣ በ1960ዎቹ፣ አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ በተባሉት ትምህርት ቤቶች ውስጥ የእንጨትና የብረታ ብረት ሥራ ክፍሎች ነበሩ። የእነዚያ ክፍሎች መሣሪያዎች የት እንደደረሱ መጠየቅ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም፤ ሆኖም ግን ጥያቄው ራሱ አያስከፋም።

የነገሩን ክብደት በምሳሌ ማሳየት ይሻላል። ከነቀምቴ በስተምሥራቅ፣ በአባይ ገባር ላይ የተሠራው የፊንጫ የውሃ ኃይል ማመንጫ ይገኛል። በ1973 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው ይህ ማመንጫ ኋላ ላይ አራተኛ ተርባይን ተጨምሮለት 134 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ከሸንተረሩ አፋፍ ወደ ሸለቆው ቁልቁል የሚወርደውን ውሃ መሠረት አድርጎ አንድ የ12ኛ ክፍል መምህር እንዲህ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፦ በሴኮንድ 1 ሜትር ኩብ ውሃ ከ100 ሜትር ከፍታ ቢወርድ ምን ያህል ኃይል ይገኛል? ተማሪው የውሃውን ክብደት 1000 ኪሎ ግራም፣ የመሬት ስበትን 9.81፣ ከፍታውን 100 አድርጎ ሲያባዛ 981,000 ዋት፣ ማለትም 981 ኪሎ ዋት ያገኛል። መሣሪያው ከ100 እጅ 85ቱን ብቻ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ቢሆን 834 ኪሎ ዋት ያህል ይተርፋል። እስከዚህ ድረስ ጥያቄው በምርጫም ሊቀርብ ይችላል። የመሐንዲሱ ጥያቄ ግን ከዚህ በኋላ ይመጣል፦ የቀሩት 15 እጆች የት ሄዱ? በቧንቧው ግጭት፣ በተርባይኑ፣ በጄኔሬተሩ ሙቀት እየተባለ በአንድ ገጽ የሚብራራ መልስ ይፈልጋል። ይህን የሚጠይቅ ፈተና እስከዛሬ አልቀረበም፤ ፈተናው ያልጠየቀውንም መምህሩ ለማስተማር ጊዜ አያገኝም። በየክፍሉ ያለው እውነታ ይኸው ነው፤ መምህራንን በዚህ መውቀስ አይገባም።

ቀለል ያለም ምሳሌ አለ። በነቀምቴና በጊምቢ የሚሠራውን የቆርቆሮ ቤት ጣሪያ የሚያዋቅረው አናጢ ወራጁን ሲያጋድም መካከሉ እንዳይሰግድ በሰያፍ ባሕር ዛፍ ይደግፈዋል። ሰያፉን በስንት ዲግሪ ማጋደም እንደሚገባ ከልምድ ያውቃል፤ ለምን እንደሆነ ግን አይናገርም። የዩኒቨርሲቲው ተማሪ በሁለተኛው ዓመት ስታቲክስ ሲጀምር የሚማረው ያንኑ ምክንያት ነው፤ ክብደቱን በሳይንና በኮሳይን ከፋፍሎ በእያንዳንዱ እንጨት ላይ የሚያርፈውን ጫና ያገኛል። ያንን ጣሪያ ከልጅነቱ ጀምሮ ቀና ብሎ ሲያይ ያደገ ተማሪ ትምህርቱን በሰሌዳ ላይ ሲያገኘው እንደ ባዕድ ነገር የሚያየው ከሆነ ጥፋቱ የልጁ አይደለም።

ቋንቋን የሚመለከተው ጉዳይ ከዚህ የተለየ አይደለም። በኦሮሚያ ትምህርት እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ይሰጣል፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ወደ እንግሊዝኛ ይዛወራል። በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማር ለመሠረታዊ ግንዛቤ የሚበጅ መሆኑ የታወቀ ስለሆነ ክርክር አያስፈልገውም። ችግሩ ሽግግሩ ላይ ነው። አፋን ኦሮሞ ተናጋሪው ተማሪ በዕለት ንግግሩ ሁምና የሚለውን ቃል ለጉልበትም፣ ለብርታትም፣ ለኃይልም ይጠቀምበታል፤ አማርኛ ተናጋሪውም ኃይል የሚለውን ቃል ገፍቶ ለሚያንቀሳቅሰውም ለኤሌክትሪኩም እንደሚጠቀምበት ማለት ነው። በእንግሊዝኛው ፊዚክስ ግን ፎርስና ፓወር የተለያዩ ሁለት መጠኖች ናቸው፤ አንዱ በኒውተን፣ ሌላው በዋት ይለካል። ሁለቱን ያምታታ ተማሪ ቀመሩን በቃሉ ይዞ ሊያልፍ ይችላል፤ ሞተር ሲመርጥ ግን ይሳሳታል። የ9ኛ ክፍል የፊዚክስ መምህር በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የቃላቱን ልዩነት በሁለቱም ቋንቋ ጎን ለጎን ጽፎ ቢያስረዳ የሚያተርፈው ጊዜ ከሚያጠፋው ይበልጣል። መመዘኛው በእንግሊዝኛ ትምህርት የተገኘውን ነጥብ ይደምራል እንጂ ተማሪው የሳይንሱን እንግሊዝኛ መረዳት አለመረዳቱን አይለይም። ከላይ በምሳሌ በቀረበው ሁለተኛ ዕጩ ላይ ጉዳት ያደረሰውም ይኸው ሊሆን ይችላል።

ወደ ትምህርቱ መርሐ ግብር ስንሻገር የመጀመሪያው ዓመት ጉዳይ ይመጣል። የፍሬሽማን ትምህርት ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ ተሰርዞ ሸክሙ ወደ 11ኛና 12ኛ ክፍል ወርዶ ነበር። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ለውይይት የቀረበው የትምህርት ፍኖተ ካርታ ይህ ስሕተት መሆኑን ገልጾ፣ በ2012 ዓ.ም. ፍሬሽማን ተመልሷል። የምሕንድስና ተማሪም በዚሁ ዓመት ሒሳብና ጠቅላላ ፊዚክስ፣ ከዚያም አፕላይድ ማቲማቲክስ ይማራል፤ ከጎናቸው ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ አንትሮፖሎጂ፣ የሰውነት ማጎልመሻና ሌሎችም ይሰጡታል። አጠቃላይ ዕውቀት ለመሐንዲስ አያስፈልግም የሚል ክርክር እዚህ አይቀርብም፤ ታሪኩንና የአገሩን መልክዓ ምድር የማያውቅ መሐንዲስ መንገድ ሲቀይስ የሚያደርሰው ጥፋት ታይቷል። ሆኖም ፊዚክስን በሁለተኛ ደረጃ በምልዓት ሳይማር ለመጣ ተማሪ አንድ ሴሚስተር ብቻ መስጠት አነሰ። የላቦራቶሪ ሰዓት የሌለው ፊዚክስ ደግሞ ከሁለተኛ ደረጃው መደጋገም የተሻለ ትርጉም የለውም።

በ2001 ዓ.ም. ገደማ ሥራ ላይ የዋለው የ70/30 ድልድልም በዚህ አጋጣሚ መነሳት አለበት። በዚያ ድልድል ከዓመታዊው ቅበላ 70 ከመቶ ለሳይንስና ቴክኖሎጂ የተመደበ ሲሆን፣ ለምሕንድስናና ቴክኖሎጂ ብቻ 40 ከመቶ ተሰጥቶ ነበር። አገሪቱ መሐንዲስ እንደምትሻ አያጠራጥርም። ነገር ግን ቁጥሩ የተወሰነው የሚያስተምረውና የሚለማመዱበት ሳይቆጠር ነበር። የወለጋ ዩኒቨርሲቲን የመሰሉ አዳዲስ ተቋሞች በተከፈቱ ማግሥት ክፍሎቻቸው ሞሉ፤ ወርክሾፖቻቸው ግን የሕንፃ አጥር ሆነው ቆዩ። ማስተማሩንም በአብዛኛው የተሸከሙት ከሁለት ከሦስት ዓመት በፊት ራሳቸው የተመረቁ ወጣቶች ነበሩ። እነዚያ ወጣት መምህራን ያሳዩት ትጋት ሊመሰገን ይገባዋል። በአንጻሩ ዛሬ ወንበሩ በዝቶ ተማሪው አንሷል። ይህ ለጥራት መልካም አጋጣሚ ነው፤ 20 ተማሪ ያለበት የስታቲክስ ክፍል 90 ተማሪ ካለበት ክፍል ይልቅ ሊያስተምር እንደሚችል የታወቀ ነው። ዕድሉ የሚባክነው ዩኒቨርሲቲዎች በተማሪ ቁጥር ልክ በጀታቸው ቢቀንስና ላቦራቶሪውም አብሮ ቢዘጋ ነው።

አንድ ሴሚስተር የሚፈጀው ኢንተርንሽፕ የመርሐ ግብሩ ምርጥ ክፍል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በወለጋ ለዚህ የሚሆን ቦታ አልጠፋም፤ የፊንጫ ማመንጫና የስኳር ፋብሪካው፣ የአርጆ ደዴሳ ስኳር ፋብሪካ፣ የደዴሳ ድልድይ፣ የቡና መፈልፈያ ጣቢያዎች፣ በየከተማው የሚሠሩ መንገዶችና የውሃ መስመሮች አሉ። መርሐ ግብሩ ግን ቦታ የማግኘቱን ኃላፊነት በአብዛኛው ለተማሪው ይተወዋል። ጸጥታው በደፈረሰበት ጊዜ ወደ ሸለቆው የሚወስደው መንገድ ስለሚዘጋ ተማሪው አዲስ አበባ ወርዶ ዘመድ ቤት እያደረ ደጅ ይጠናል፤ ዘመድ የሌለውም በአንድ የከተማ ጽሕፈት ቤት ወረቀት እያገላበጠ ጊዜውን ይጨርሳል። ማኅተም ያለበት የምስክር ደብዳቤ እስካመጣ ድረስ ሁለቱም እኩል ነጥብ ያገኛሉ።

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በአገር አቀፍ ደረጃ የተሰጠው የመውጫ ፈተና እዚህ ሁሉ ላይ ተጨምሯል። በመጀመሪያው ዙር በመንግሥትና በግል ተቋሞች ከተፈተኑት ያለፉት 40 ከመቶ ያህል ናቸው። ፈተናው የተቋሞቹን ድክመት ገልጦ በማሳየቱ ጠቅሟል። በዓይነቱ ግን ከመግቢያው ፈተና የተለየ አይደለም፤ እሱም በኮምፒውተር የሚሠራ የምርጫ ጥያቄ ነው። ስለዚህ የምሕንድስና ተማሪ ፊደል መርጦ ይገባል፤ አምስት ዓመት ቆይቶም ፊደል መርጦ ይወጣል። በመካከሉ የሠራው የንድፍ ሥራ፣ የለካው መሬት፣ ያዘጋጀው የመመረቂያ ፕሮጀክት በመውጫው ሚዛን ላይ አይቀመጥም። የፕሮጀክቱ ውጤት በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ይቀራል፤ ፕሮጀክቱም በቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል።

አንድ የሲቪል ምሕንድስና ተመራቂ በመጨረሻው ዓመት የሚያዘጋጀው ሥራ በነቀምቴ ከተማ ላለ አንድ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ሊሆን ይችላል። ከተማዪቱ በኮረብታ ላይ የተሠራች፣ ክረምቷም ረጅምና ከባድ ስለሆነ ይህን መሰል ሥራ አያንሳትም። ተማሪው የዝናቡን መጠን ከሜትሮሎጂ ጣቢያ ይወስዳል፤ የመንገዱን ዝንባሌ ይለካል፤ የቦዩን ስፋትና ጥልቀት ያሰላል፤ ሥዕሉን ያዘጋጃል፤ ወጪውን ይገምታል። ይህንን ሥራ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጣ አንድ መምህርና ከከተማው ማዘጋጃ ቤት አንድ መሐንዲስ አብረው ቢመረምሩት፣ የሰጡት ነጥብም ከመውጫው ፈተና ጋር ቢታሰብ፣ የ12ኛ ክፍል የሒሳብ መምህርም ያንን ቦይ ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎቹ የማስሊያ ጥያቄ አድርጎ ሊወስደው ይችላል።